የየቲም ወጣቶች የአእምሮ ጤና እና የእጅ ስልክ፦ የተጨነቀው ወጣት ወደ ሐኪም የሚደርስበት መንገድ

 



አንድን የቲም ስንመዘግብ የምንሞላው ቅጽ ብዙ ነገር ይጠይቃል። አባቱ የሞተበት ዘመን፣ የሚማርበት ክፍል፣ የቤተሰቡ ብዛት፣ የቤት ኪራዩ መጠን፣ የጫማው ቁጥር ሳይቀር ይሰፍርበታል። ሌሊት እንቅልፍ ስለ መተኛቱ፣ ከእኩዮቹ ጋር ስለ መዋሉ፣ በልቡ ስለሚመላለሰው ሐዘን የሚጠይቅ መስመር ግን አልነበረውም። ይህ ጉድለት ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ያስተማረን አንድ ልጅ ነው። ማንነቱን የሚጠቁመውን ሁሉ ትተን፣ በእርሱና በአሳዳጊ አጎቱ ፈቃድ ታሪኩን ባጭሩ እናነሣዋለን።

ልጁ 16 ዓመቱ ነበር። በየወሩ ይመጣል፤ ይፈርማል፤ ድጋፉን ተቀብሎ ይሄዳል። «እንዴት ነህ?» ሲባል «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ያልፋል። የትምህርት ውጤቱ እያሽቆለቆለ ሲመጣ ስንፍና መሰለን፤ መከርነው፤ ገሠጽነውም። አንድ ቀን ከቢሮአችን «የዚህ ወር ድጋፍ ስለ ደረሰ መጥታችሁ ውሰዱ» የሚል የተለመደ አጭር መልእክት ለሁሉም ተላከ። ከእርሱ ስልክ «የእኔን ለእህቴ ስጡልኝ፤ ከእንግዲህ ለእኔ አያስፈልገኝም» የሚል መልስ መጣ። መልሱን ያነበበው ባልደረባችን ልጁ ለእህቱ ማሰቡን አድንቆ በመዝገቡ ላይ ማስታወሻ ያዘና ወደ ሌላ ሥራው ተመለሰ።

በሁለተኛው ቀን በበጎ ፈቃድ የምታገለግለን አንዲት ነርስ ያንን ማስታወሻ አይታ ደነገጠች። ወዲያውኑ ደወለችለት፤ ከእርሱም ጋር ለረጅም ሰዓት ተነጋገረች። በዚያው ቀን ከአጎቱ ጋር ወደ ሆስፒታል ወሰደችው። ራሱን ለማጥፋት ወስኖ እንደ ነበር የተናገረው በሐኪሙ ፊት ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ሕክምናውን እየተከታተለ ትምህርቱን ቀጥሏል። ከወራት በኋላ «ለምን ቀደም ብለህ አልነገርኸንም?» ብለን ጠየቅነው። «ቢሮ ስመጣ ከኋላዬ ሰልፍ አለ። ስልኩን ስይዝ ግን ብቻዬን ነበርሁ» አለን።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያስገደደን ይህ መልሱ ነው። ለድጋፍ ጥሪ ብቻ ስንጠቀምበት የኖርነው ስልክ፣ ፊት ለፊት የማይናገር ወጣት የሚናገርበት በር ሊሆን ይችላል። ይሁንና ስልክ ሐኪም አይደለም። ጥቅሙም የሚለካው በላክነው መልእክት ብዛት ሳይሆን፣ በእርሱ አማካይነት ባለሙያ ዘንድ በደረሱት ልጆች ነው።

የየቲምነት ስም ሲነሣ የሚጀምር ሸክም

በሸሪዓ የቲም የሚባለው ለአካለ መጠን ሳይደርስ አባቱ የሞተበት ልጅ ነው። ቡሉግ ሲደርስ ስሙ ከላዩ ይነሣል። የአእምሮ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ብቅ የሚለው ግን በዚሁ ዕድሜ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ ከአእምሮ ጤና ችግሮች ሲሦ ያህሉ የሚጀምሩት 14 ዓመት ሳይሞላ ሲሆን፣ ከእነዚህም የሚበዙት ሳይታወቁና ሳይታከሙ ይቆያሉ። በዓለም ላይ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ዓመት ከሆኑት ከ7 ልጆች አንዱ እንዲህ ያለ ችግር እንዳለበት ድርጅቱ ይገምታል። እንግዲህ ብዙ የድጋፍ ማኅበራት «ልጁ አደገ» ብለው እጃቸውን የሚያሳጥሩበት ጊዜና ልጁ ይበልጥ የሚፈልጋቸው ጊዜ አንድ ላይ ይገጣጠማሉ ማለት ነው።

ሐዘን በልጅነት አልቅሰው የሚጨርሱት ነገር አይደለም። በ6 ዓመቱ አባቱን ያጣ ልጅ፣ ሞት መመለሻ የሌለው መሆኑን በሚገባ የሚረዳው እያደገ ሲሄድ ነው። የዒድ ማለዳ ጓደኞቹ ከአባቶቻቸው ጋር ወደ ሶላት ሲሄዱ ያያል። የትምህርት ቤት ውጤት በሚሰጥበት ዕለት የሚያሳየው ሰው ያጣል። ልጅቷም የኒካሕ ወሬ ሲነሣ፣ ወሊይ ሆኖ የሚቀመጠው አባቷ አለመኖሩን እንደ አዲስ ታስታውሳለች። በእነዚህ ጊዜያት ማዘን ሕመም አይደለም፤ የሰው ልጅ ባሕርይ ነው። ሐዘን እንደ ማዕበል መጥቶ ይሄዳል፤ በመካከሉም ልጁ ይጫወታል፣ ይበላል፣ ይስቃል።

ልጁ ከ2 ሳምንት በላይ በአብዛኛው ቀን ሲከፋው ወይም ይወደው የነበረውን ነገር ሁሉ ሲጠላ፣ ይህም ከትምህርቱና ከዕለት ኑሮው ሲያውከው ግን ባለሙያ ሊያየው ይገባል። በወጣቶች ላይ ድብርት ሁልጊዜ በእንባ አይገለጥም። በቁጣና በብስጭት፣ ሐኪም ምክንያት ባጣለት የራስ ምታትና የሆድ ሕመም፣ በእንቅልፍ ማጣት ወይም ቀኑን ሙሉ በመተኛት፣ ከጓደኛ በመራቅ፣ በጀመዓ ይሰግድ የነበረው ከመስጂድ በመቅረት፣ አንዳንዴም በጫትና በሌሎች ሱሶች ይገለጣል። አሳዳጊዎች እነዚህን ምልክቶች «ባለጌ ሆነ» ወይም «ሰነፈ» ብለው የሚተረጉሟቸው ብዙ ጊዜ ነው። እኛም ከዚህ ስሕተት አላመለጥንም።

ወደ ሕክምና እንዳይሄዱ የሚያግዳቸው ምንድን ነው?

የመጀመሪያው መሰናክል ሐፍረት ነው። በእኛ ኅብረተሰብ የአእምሮ ሕክምና ሲባል በብዙዎች ዘንድ የሚታሰበው ራሱን ስቶ በየመንገዱ የሚሄድ ሰው ብቻ ነው። የቲሙ ደግሞ በሌላ ሰው ቤት የሚኖር በመሆኑ «ተጨማሪ ሸክም እሆንባቸዋለሁ» የሚል ስጋት አለበት። ልጅቷ «ታማ ነበር» መባሉ ለትዳር እንቅፋት ይሆንብኛል ብላ ትፈራለች።

ሁለተኛው «ኢማኑ ቢጠነክር ኖሮ አይጨነቅም ነበር» የሚለው አባባል ነው። ይህ አባባል ከዲናችን አስተምህሮ ጋር አይስማማም። ነቢዩላህ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) በልጃቸው በዩሱፍ ሐዘን ዓይናቸው እስኪታወር ድረስ ማዘናቸውን ቁርኣን ነግሮናል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤታቸው ኸዲጃና (ረ.ዐ) አጎታቸው አቡ ጧሊብ ያረፉበት ዓመት የሐዘን ዓመት ተብሎ ይታወቃል። ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞትም አልቅሰዋል። ከእነርሱ የሚበልጥ ኢማን ያለው ማን ነው? ሕመም ሁሉ መድኃኒት እንዳለው አስተምረው እንድንታከም ያዘዙንም እርሳቸው ናቸው፤ ይህን ትእዛዝ ለአካል ብቻ ነው የሚል ገደብ አላደረጉበትም።

ቀደምት የሙስሊም ሊቃውንትም ይህን አልሳቱትም። እ.ኤ.አ. ከ850 እስከ 934 ገደማ የኖረው አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ደኅንነት በጻፈው መጽሐፍ፣ አካል እንደሚታመም ሁሉ ነፍስም እንደምትታመም አብራርቷል። ምክንያቱ የሚታወቀውን ሐዘን ምክንያቱ ከማይታወቀው ለይቷል። ጤነኛ ሰው መድኃኒት ለክፉ ቀን እንደሚያስቀምጥ፣ መልካም ሐሳቦችንም በጤናው ጊዜ ማከማቸት እንዳለበት መክሯል። ይህን ምክር ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሦስተኛው መሰናክል ችግሩን ሁሉ ወደ ጂንና ዐይን ማዞር ነው። ስለ ጂን መኖር እምነታችን ግልጽ ነው፤ በቁርኣንና በዱዓእ የሚደረግ ትክክለኛ ሩቅያም የተፈቀደ ነው። ነገር ግን ሩቅያ ሕክምናን አይከለክልም፤ ሕክምናም ሩቅያን አይከለክልም። ልጁ ቁርኣን ይቀራበት፤ ወደ ሐኪምም ይሂድ። ግመሉን ሳያስር በአላህ መመካት የፈለገው ሰው አስቀድሞ እንዲያስራት መታዘዙን እናስታውስ። ማሰር፣ መደብደብ፣ ምግብ መከልከልና ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ማስጣል ግን ከሩቅያ የሚቆጠር አይደለም፤ በየቲም ላይ የሚፈጸም በደል ነው።

አራተኛው አለማወቅ ነው። የት እንደሚኬድ፣ ምን ያህል እንደሚከፈል፣ ሐኪሙ ምን እንደሚጠይቅ የማያውቅ ወጣት ለመሄድ ቢያስብ እንኳ እግሩ ይከብደዋል።

ስልክ ከእነዚህ መሰናክሎች የትኛውን ያነሣል?

ስልክ ሐፍረቱን ያቀልላል፤ አለማወቁንም ያስወግዳል። ለዚህ በአገራችን ልምድ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ «ወገን» የተባለው የኤድስ ምክር የስልክ መስመር በ952 ቁጥር በነፃ ያገለግል ነበር። በዚያ ዘመን ስለ ኤች አይ ቪ ፊት ለፊት መጠየቅ ነውር ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ወጣት ስሙን ሳይናገር ደውሎ ጠይቋል። ጥያቄውን አንድ ጊዜ በድምፁ ያወጣ ሰው ወደ ምርመራ ጣቢያ ለመሄድ ይቀልለዋል።

በብሪታንያም ከሙስሊም ቤተሰብ የተወለዱ ወጣቶች፣ ከወላጅም ከሐኪምም ጋር የማይነጋገሩበት ጭንቀት በርክቶ በመታየቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የሙስሊም ወጣቶች የእርዳታ መስመር ተቋቋመ። መስመሩን የሚያነሡት ሥልጠና የወሰዱ ወጣት ሙስሊሞች ናቸው። በስልክ የጀመረው አገልግሎት በኋላ ወደ ኢሜይልና ወደ ኢንተርኔት የጽሑፍ ውይይት ሰፍቷል። ወጣቱ እንዲደውል ያበረታው መልስ ሰጪው ሃይማኖቱንና የቤቱን ሁኔታ ማወቁ፣ ምስጢሩንም መጠበቁ ነው።

በሊባኖስ የአገሪቱ የጤና ሚኒስቴርና የዓለም ጤና ድርጅት «ደረጃ በደረጃ» የሚል ትርጉም ያለው ፕሮግራም አዘጋጅተው በሊባኖሳውያንና በሶርያ ስደተኞች ላይ ፈትነዋል። ፕሮግራሙ ዕድሜያቸው 18 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። በስልክ የሚነበቡና የሚደመጡ 5 ክፍሎች አሉት፤ ድብርት ያገኘውና ቀስ በቀስ ያገገመ ሰው ታሪክ በሥዕል ይቀርባል። ሐኪም ያልሆነ ነገር ግን ሥልጠና የወሰደ ረዳት በየሳምንቱ 15 ደቂቃ ያህል በስልክ ወይም በጽሑፍ ያነጋግራቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ውጤት፣ የድብርት ምልክታቸው መቀነሱንና ለዕለት ሥራቸው መበርታታቸውን አሳይቷል። በሌላ በኩል ከጀመሩት መካከል ብዙዎቹ ሳይጨርሱ አቋርጠዋል።

ከእነዚህ ሦስት ልምዶች የምንማረው አንድ ነው። መሣሪያው የሚሠራው ከኋላው ሰው ሲኖር ነው። መልእክት ልኮ ዝም ማለት፣ በር አንኳኩቶ እንደ መሸሽ ይቆጠራል።

እንዴት እንሥራበት?

ማኅበራትም ሆኑ በየመስጂዱ ያሉ የየቲም ኮሚቴዎች ሊከተሉት የሚችሉትን አሠራር እንደሚከተለው እናቀርባለን። ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ በአንድ ተራ ስልክ መጀመር ይቻላል።

1. ቁጥሩን በደህናው ጊዜ ማስያዝ። አል-በልኺ ለክፉ ቀን ማከማቸትን እንዳስተማረው፣ ቁጥሩ በልጁ ስልክ መመዝገብ ያለበት ሳይጨነቅ ነው። ድጋፍ ሲወስድ ወይም በዒድ ዝግጅት ላይ መልስ ሰጪዎቹን በአካል ያስተዋውቁት። የሚያውቀውን ፊት የያዘ ድምፅ አይፈራውም። ስልክ የሌለው ልጅ ቁጥሩን በደብተሩ ሽፋን ላይ ይጻፈው።

2. ቃላቱን መምረጥ። «የአእምሮ በሽተኛ» የሚል ቃል ያለበትን መልእክት ማንም አይመልሰውም። ልጁ ራሱን የሚያገኝበትን ነገር መጻፍ ይበጃል። ለምሳሌ ያህል፦ «አሰላሙ ዐለይኩም። እንቅልፍ ማጣት፣ ቶሎ መበሳጨት፣ ትምህርት መጥላት በብዙ ወጣቶች ላይ ይደርሳል። እርዳታም አለው። መነጋገር ከፈለጋችሁ 1 ብላችሁ ላኩልን፤ እንደውላለን።» መልእክቱ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖ ቢላክ ማንም ተለይቶ አይታይም፤ የሚመልሰው ግን ለብቻው ይመልሳል።

3. ወጪውን ከልጁ ላይ ማንሣት። ሚስኮል ቢያደርግ መልሶ መደወል የእኛ ፋንታ ነው። ኢንተርኔት የሚጠይቁ ቴሌግራምና ዋትስአፕ ለከተማ ወጣት ይመቻሉ፤ በገጠር ላለውና ተራ ስልክ ለያዘው ግን አጭር የጽሑፍ መልእክትና ጥሪ ይሻላሉ።

4. በሚገባው ቋንቋ መናገር። ጭንቀትን በአፍ መፍቻ ቋንቋ ካልሆነ መግለጽ ያዳግታል። በኦሮምኛ፣ በስልጥኛ፣ በአፋርኛ፣ በሶማልኛ መልስ የሚሰጥ ሰው ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ማንበብ ለማይችሉ አሳዳጊ እናቶችና አያቶች የ1 ደቂቃ የድምፅ መልእክት ከረጅም ጽሑፍ ይበልጣል።

5. መልስ ሰጪውን ማሠልጠን። መልስ ሰጪው ያዳምጣል፤ አይፈርድም፤ አይገሥጽም፤ የሕመም ስም አይሰጥም፤ መድኃኒትም አያዝዝም። ለሴት ልጆች እህት መልስ ሰጪ ትመደብ። ኡስታዝ ያስፈልገኛል የሚል ልጅ፣ ሕክምናን ከሚደግፍ ኡስታዝ ጋር ይገናኝ። የመልስ ሰዓቱ አስቀድሞ ይነገር፤ ከሰዓቱ ውጭ ለሚደርስ አስቸኳይ ጉዳይ የት እንደሚኬድም አብሮ ይጻፍ።

6. እስከ ሐኪሙ በር ማድረስ። «ሆስፒታል ሂድ» ማለት ብቻ አይበቃም። የቀጠሮውን ቀን፣ የሕንፃውንና የክፍሉን ቦታ፣ በሩ ላይ የሚጠብቀውን ሰው፣ የትራንስፖርቱን ገንዘብ አዘጋጅቶ በዋዜማው ማስታወስ ያሻል። ብዙዎች ተስፋ የሚቆርጡት ከመጀመሪያው ቀጠሮ በኋላ ነው። ለድብርት የሚሰጡ መድኃኒቶች ውጤታቸው እስኪታይ ሳምንታት ይወስዳሉ። በእነዚያ ሳምንታት በየጥቂት ቀኑ የሚደርስ «እንዴት ሰነበትህ? መድኃኒቱ እንዴት ሆነልህ?» የሚል ጥሪ፣ ሕክምናው እንዳይቋረጥ ያግዛል።

አማናውን መጠበቅ

የልጁ ምስጢር አማና ነው። አንድ ጊዜ ከወጣ እርሱ ብቻ ሳይሆን የሰማው የቲም ሁሉ አይደውልም። በዚህ ረገድ ሊታሰብባቸው የሚገቡ ነጥቦች አሉ።

በብዙ ቤት ስልኩ የአጎት ወይም የታላቅ ወንድም ነው። ስለዚህ ልጁ በግልጽ ሳይፈቅድ የቀጠሮ ወይም የሕመም ጉዳይ በጽሑፍ አይላክ። «ስትመቸኝ እደውላለሁ» ለማለት የሚያገለግል አንድ ተራ ቃል አስቀድሞ መስማማት ይቻላል። የልጁን ጉዳይ በቴሌግራም ግሩፕ ማንሣት፣ ስሙን ባይጠሩ እንኳ፣ አይገባም። ለገንዘብ ማሰባሰቢያ ተብሎ የታመመ የቲም ፎቶግራፍ ማሰራጨትም ክብሩን መንካት ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች መድቦታል። እንግዲህ ዲናችን ሲትርን ሲያዝዝ የአገሪቱ ሕግም ደግፎታል።

ምስጢር መጠበቅ ግን ወሰን አለው። ልጁ ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ ከሆነ፣ ወይም በሚኖርበት ቤት እየተደበደበ ወይም እየተደፈረ ከሆነ፣ ሊያድነው ለሚችል ሰው መናገር ግዴታ ነው። ይህንንም ወሰን በመጀመሪያው ጥሪ ለልጁ መንገር ያስፈልጋል፤ አለዚያ እንደ ክህደት ይቆጥረዋል። ጉዳቱ የሚደርሰው ከአሳዳጊው በሆነ ጊዜ ለአሳዳጊው መደወል ልጁን ለባሰ አደጋ ማጋለጥ ስለሆነ፣ ጉዳዩ ወደሚመለከታቸው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና ወደ ፖሊስ መቅረብ አለበት።

በስልክ የሚመጣ ሁሉ ደግሞ መልካም አይደለም። በኢንተርኔት መድኃኒት የሚሸጡ፣ ገንዘብ ተቀብለው በሩቅ ሩቅያ እናደርጋለን የሚሉ፣ የሐኪም መድኃኒት አቁሙ የሚሉ ሰዎች የተጨነቀውን ወጣት ያድኑታል። በቅርብ ዓመታት የመጡት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያላቸው የንግግር ፕሮግራሞችም ሌሊት መልስ ስለሚሰጡ ብዙ ወጣት ይመርጣቸዋል። ለመረጃ ያህል ሊጠቅሙ ይችላሉ፤ ነገር ግን ሊሳሳቱ ይችላሉ፤ ልጁ በአደጋ ላይ ሲሆንም ቤቱ ድረስ የሚመጣለት ሰው የላቸውም። ልጆቻችን ይህን ልዩነት እንዲያውቁ እናስተምራቸው።

ለጥሪ ቀጠሮ የማይሰጥባቸው ምልክቶች

ከዚህ በታች ያሉት ምልክቶች ሲታዩ ነገ የሚባል ነገር የለም። በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል መውሰድ ይገባል።

- መሞትን እንደሚመኝ ወይም ራሱን እንደሚያጠፋ መናገር፣ መጻፍ፤
- ያለ ምክንያት ንብረቱን ማደል፣ ዕዳውን መክፈል፣ እንደ ስንብት ያለ መልእክት መላክ፤
- ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ ያልሆነውን እንደ ሆነ አድርጎ በብርቱ ማመን፤
- ለቀናት አለመብላት፣ አለመጠጣት ወይም ጨርሶ አለመተኛት፤
- ራሱን መቁሰል ወይም በሌላው ላይ ጉዳት ለማድረስ መነሣት።

እንዲህ ያለውን ልጅ ሐኪም እስኪያገኝ ድረስ ብቻውን አይተዉት። ሊጎዳበት የሚችለውን መድኃኒት፣ የተባይ መርዝና ስለታም ነገር ከአጠገቡ ያርቁ። «ራስህን ለማጥፋት አስበሃልን?» ብሎ በግልጽና በርኅራኄ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ ብዙ ጊዜ ሸክሙን ያቀልልለታል። «ሐራም መሆኑን አታውቅምን?» ብሎ መጮህ ግን አፉን ያዘጋዋል። ሐራም መሆኑን ያውቃል፤ የሚያስጨንቀውም አንዱ ነገር ይኸው ነው።

ወዴት እንሂድ?

የአእምሮ ሕክምና አዲስ አበባ ብቻ ያለ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ይሁን እንጂ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 በጀመረው መርሐ ግብር መሠረት፣ በአገራችን በብዙ ጤና ጣቢያዎች የሚሠሩ ባለሙያዎች ድብርትን፣ የሚጥል በሽታንና ሌሎች ሕመሞችን ለይተው እንዲያክሙ ሠልጥነዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚኬደው በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ነው። ከአቅሙ በላይ ሲሆን የሪፈር ወረቀት ይጽፋል። በአዲስ አበባ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ የጥቁር አንበሳና የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች፣ በክልል ደግሞ እንደ ጅማና ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው።

በመጀመሪያው ቀን የሚሆነውን ነገር ለልጁ አስቀድሞ መንገር ፍርሃቱን ይቀንሳል። ባለሙያው ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ቤቱና ስለ ሐዘኑ ይጠይቀዋል። አንዳንዴ የደም ምርመራ ያዝዛል። ለብዙዎች የሚሰጠው ተከታታይ የምክር ሕክምና ነው፤ መድኃኒት የሚታዘዘው ለሁሉም አይደለም። ወደ ሆስፒታል የሚሄድ ሁሉ ተኝቶ አይታከምም፤ የሚበዛው በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል። የኅብረተሰብ ጤና መድኅን አባል የሆነ ቤተሰብ መታወቂያውን ይዞ ይሂድ፤ መጀመሪያ በጤና ጣቢያ ማለፉም ለዚህ ይጠቅመዋል።

ከአባላቶቻችን የምንጠብቀው

ማኅበራችን በመመዝገቢያ ቅጹ ላይ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ስሜትና ስለ ጓደኝነት የሚጠይቁ መስመሮችን ጨምሯል። ለድጋፍ ጥሪ ለሚላከው መልእክት የሚመጣው መልስ ሁሉ፣ አንድ ቃል ብቻ ቢሆን እንኳ፣ በዚያው ቀን እንዲነበብ ወስነናል። ያን ልጅ ያዳነው የአላህ ፈቃድ ሲሆን፣ ሰበቡ ዘግይቶም ቢሆን መልሱ መነበቡ ነበር።

ከአባላት መካከል የጤናና የሥነ ልቦና ባለሙያዎች በሳምንት ጥቂት ሰዓት በመስመሩ ላይ እንድታገለግሉ እንጋብዛችኋለን። አቅም ያላችሁ የልጆቹን የትራንስፖርትና የመድኃኒት ወጪ በሰደቃ እንድትሸፍኑ እንጠይቃለን። ዘካን በሚመለከት፣ የቲምነት ብቻውን ከስምንቱ የዘካ ተቀባዮች የማይቆጠር ሲሆን፣ የቲሙ ድኃ ወይም ችግረኛ ከሆነ ግን በድህነቱ ይገባዋል። ስለ ዝርዝሩ ዑለማኦችን ጠይቁ።

ኢማሞቻችንና ኡስታዞቻችን ከእኛ ሁሉ የሚበልጥ ድርሻ አላቸው። በአንድ የጁሙዓ ኹጥባ «የተጨነቀ ወደ ሐኪም ይሂድ፤ መታከም ከዲናችን ነው» ማለታቸው ከመቶ አጭር መልእክት ይበልጣል። አሳዳጊዎች ደግሞ ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጉልን። ስልኩን አስቀምጣችሁ ከልጁ ጎን ተቀመጡ። «እንዴት ነህ?» በሉት። «አልሐምዱሊላህ» ሲላችሁ ተነሥታችሁ አትሂዱ፤ ጥቂት ቆዩና እንደ ገና ጠይቁት።

አላህ የየቲሞቻችንን ልብ ያረጋጋልን፤ ለታመሙት ሺፋእ ይስጥልን፤ የተሸከምነውን አማና የምንወጣ ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።